አንደበት ሳይዘጋ ከቤተ ሰብ ጋር መማከር ይገባል

ማናቸውም ሰው ለሚመጣው ነገር አስቀድሞ መሰናዳት እንደሚገባው የታወቀ ነው። ገበሬ ክረምቱ ሳይገባ ሞፈሩንና ቀንበሩን ያበጃል፤ መንገደኛ ሳይነሣ ስንቁን ይቋጥራል። በጋሞ ደጋ የሚኖር ባለ ቤትም ለመስቀል በዓል የሚታረደውን በሬ ለመግዛት ከጎረቤቶቹ ጋር በማኅበር ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በዓሉ ሲደርስም ቤቱ ሥጋና ቅቤ ባለማጣቱ አስተዋይ ይባላል። ይኸው አስተዋይ ባለ ቤት ግን አንድ ቀን በአልጋ ላይ ወድቆ ስለ ራሱ ሕክምና መናገር ሲሳነው፣ በእርሱ ፈንታ ማን እንዲናገር፣ ምንስ እንዲናገር ያሰናዳው ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለበዓል የሚታሰበውን ያህል ለዚያ ቀን አለመታሰቡ በቤተ ሰብ ላይ ብዙ ጉዳት ያመጣል።

በአማርኛ ቋንቋ ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዞ ይገኛል። አንዱ ኃጢአትን ለነፍስ አባት መናዘዝ ነው፤ ሁለተኛውም የንብረትን ነገር ለወራሾች መናዘዝ ነው። ለሁለቱም ሥርዐት ተሠርቶላቸዋል። ስለ ነፍስ የቤተ ክርስቲያን ቀኖና አለ። ስለ ንብረትም ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ አቁሞለት ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜና የቃል ኑዛዜ ብሎ ለይቶ፣ በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ በ2 ምስክሮች ፊት የተነገረው የቃል ኑዛዜም ተናዛዡ ከዚያ ወዲያ 3 ወር በሕይወት ከቆየ እንዲፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ለነፍስም ለገንዘብም መንገዱ አልጠፋም። ነገር ግን የንብረት ኑዛዜ መናገር የሚጀምረው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው። የበሽተኛው አንደበት ከተዘጋበት ሰዓት አንሥቶ ነፍሱ እስከምትወጣ ድረስ ያለው ጊዜ፣ አንድ ቀን ይሁን አንድ ዓመት፣ ተናጋሪ የሌለው ጊዜ ሆኖ ይቀራል።

በቀድሞ ዘመን ይህ መካከለኛ ጊዜ አጭር ነበር። ጽኑ ሕመም የያዘው ሰው በቤቱ ይተኛል፤ ካህኑ ይመጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚመረጠውም ነገር ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን የሕክምና ጥበብ ሰፍቷል። ኦክሲጅን አለ፤ ስለ ሰው የሚተነፍስ መሣሪያ አለ፤ የኩላሊት እጥበት አለ፤ በአፍንጫ ወርዶ የሚመግብ ቱቦ አለ። ይህ ሁሉ ትልቅ በረከት ነው፤ ብዙ ሰው ከሞት ደጃፍ ተመልሶበታል። ነገር ግን ጥበቡ በሰፋ መጠን «ይደረግ ወይስ ይቅር» የሚለውም ጥያቄ በዝቷል፤ ጥያቄው የሚቀርበውም መልስ መስጠት ያለበት ሰው መናገር በማይችልበት ሰዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል በጨንቻ ደጋ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ይታሰቡ። የበኵር ልጃቸው በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ሴት ልጃቸው ባል አግብታ በአርባ ምንጭ ትኖራለች፤ ታናሹ ልጅ ከእርሳቸው ጋር ሆኖ እንሰቱንና ገብሱን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ በጋሞ ብርቅ አይደለም፤ የዶርዜና የአካባቢው ሸማኔዎች ኑሮ በደጋውና በአዲስ አበባ መካከል ከተከፈለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሽማግሌው አንድ ሌሊት ግማሽ አካላቸው ዝሎ ምላሳቸው ቢታሰር፣ ታናሹ ልጅ ጎረቤት አስቸግሮ ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ያወርዳቸዋል። ሐኪሙም መርምሮ የመዳናቸው ተስፋ ጥቂት መሆኑን ገልጾ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላኩ ወይስ እዚሁ ይቆዩ ብሎ ሲጠይቅ ሦስቱ ልጆች ሦስት መልስ ይመልሳሉ። በኵሩ በስልክ ሆኖ በሬውና ላሚቱ ተሽጠው ወደ አዲስ አበባ ይምጡ ይላል። ሴት ልጃቸው እዚሁ ሐኪም እጅ ይቆዩ ትላለች። ታናሹ ግን አባቱ ከቤታቸው ውጭ መሞትን እንደሚጠሉ ከአነጋገራቸው ገምቷልና ወደ ደጋ ይመለሱ ይላል። በመካከሉም ሌላ ዘመድ ጠበል እንጂ መድኃኒት አያድናቸውም ብሎ ይነሣል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ነገር ግን የሽማግሌውን ፈቃድ በእርግጥ የሚያውቅ አንድ ስንኳ የለም፤ ስለ ምን ቢባል በጤናቸው ጊዜ የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ካህናትም ዳኞችም ያውቁታል። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሽተኛው በመንገድ ወይም ቋንቋውን በማይሰማ አገር ቢያርፍ፣ የቤቱ ጥሪት ለመኪናና ለአልጋ አልቆ ሬሳ ለመመለስ ብድር ይፈለጋል። ወይም ደግሞ ገንዘብ ፈርተው ቶሎ ወደ ቤት መልሰውት፣ ቢታከም ሊድን ይችል የነበረ ሰው ይሞታል። በሁለቱም መንገድ ወንድም ወንድሙን «አባታችንን ያስገደልኸው አንተ ነህ» ይለዋል። ይህም ቃል በለቅሶ ይጀምርና በተዝካር ይጸናል፤ ከዚያም የርስት ክርክር ሆኖ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ለሰሚው የመሬት ክርክር ይመስላል፤ ሥሩ ግን በሆስፒታል በር ላይ ያልታወቀው የአባት ፈቃድ ነው።

እንዲህ ያለ ጠብ በድሃ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ቴሪ ሻይቮ የምትባል ሴት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በ26 ዓመት ዕድሜዋ ድንገት ወድቃ አእምሮዋን ሳተች። ስለ እንዲህ ያለ ቀን የጻፈችው ቃል አልነበረም። ባልዋ እንዲህ ሆና መኖርን እንደማትፈቅድ ተናግራ ነበር አለ፤ እናትና አባትዋም ትኑር አሉ። ክርክሩ በፍርድ ቤቶች ዞሮ እስከ አገረ ገዢው፣ እስከ ሕግ መምሪያውና እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ ደረሰ፤ እርስዋም በ2005 ዓ.ም. ሞተች። ሀብት፣ ሐኪምና ጠበቃ የሞላው አገር አንድ ያልተጻፈ ቃል 15 ዓመት ካሠቃየው፣ በጨንቻ ወይም በቦንኬ ደጋ ያለ ቤተ ሰብ ምን ያህል ሊጨነቅ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህን ምክር የሚያስቀረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ሞት መናገር ሟርት ነው መባሉ ነው። ልጅ አባቱን ቢጠይቅ ውርስ ናፈቀ ይባላል፤ አባትም ቢጀምር ልጆቹ «ክፉ አይናገሩ» ብለው አፉን ያስይዙታል። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ በየወሩ ለዕድር ገንዘብ ያዋጣል፤ አሮጊቶችም የመግነዛቸውን ዋጋ በሣጥናቸው ያስቀምጣሉ። ዕድር መግባት ሟርት ካልሆነ፣ ከዕድሩ ድንኳን በፊት ስለሚመጡት ቀኖች መነጋገርም ሟርት ሊሆን አይችልም።

ሊቃውንት እንደሚያውቁት የእስራኤል አባት ያዕቆብ በግብፅ ሳለ የሚሞትበት ቀን እንደ ቀረበ ባየ ጊዜ በአባቶቹ መቃብር እንዲቀብረው ዮሴፍን አስምሎታል። ለአንዱ ልጅ ነግሮም ዝም አላለም፤ ዐሥራ ሁለቱን ሰብስቦ በሁሉም ፊት ደገመው። ስለዚህ በቀብሩ ነገር በወንድማማቾቹ መካከል ክርክር አልተነሣም። ነቢዩ ኢሳይያስም ንጉሥ ሕዝቅያስን ታሞ ሳለ የቤቱን ነገር እንዲያስተካክል ባዘዘው ጊዜ፣ ያ ትእዛዝ የንጉሡን ዕድሜ አላሳጠረውም፤ ንጉሡ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት። ቤትን ማስተካከልና በተስፋ መጸለይ ተቃራኒዎች አለመሆናቸውን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ሁለተኛው እንቅፋት የሕመሙን እውነት ከበሽተኛው መሰወር ነው። ሐኪሙ ክፉውን ወሬ ለዘመድ ይነግራል፤ ዘመድም ለበሽተኛው «ቀላል ነው» ይለዋል። በሽተኛው ግን ከጎብኚው ብዛትና ከልጆቹ ዓይን እውነቱን ያነባል፤ እርሱም በተራው እንዳያስጨንቃቸው የማያውቅ ይመስላል። እንዲህ እየተደባበቁ የመጨረሻው የመነጋገሪያ ጊዜ ያልፋል። ክፉ ወሬን አለስልሶ መንገር ለአገሩ ሰው አዲስ አይደለም። ለመርዶ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሰዓት ይጠበቃል፤ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ቃሉም ተመዝኖ ይነገራል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሌላውን ሞት ለመንገር የሚያውቅ ሕዝብ፣ ለበሽተኛው የራሱን ሕመም በዚያው ጥንቃቄ ሊነግረው ይችላል። መስማት የማይፈልግም ካለ አስቀድሞ «ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለእገሌ ንገሩት» ማለት መብቱ ነው።

እንግዲህ በምክሩ ላይ የሚነገረው ነገር ብዙ አይደለም፤ በአምስት ይጠቃለላል። አንደኛ፣ በሽተኛው መናገር ሲሳነው ስለ እርሱ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ አንድ ሰው በስም ይጠራ፤ ያ ሰው ባይገኝ የሚተካውም ይታወቅ። ተጠሪው የግድ በኵር ልጅ ወይም ባለ ገንዘቡ አይደለም፤ የበሽተኛውን ልብ የሚያውቅና ከራሱ ፈቃድ የእርሱን የሚያስቀድም ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ሕመሙ ምን ያህል እንዲነገረው እንደሚፈልግ ይናገር። ሦስተኛ፣ የት ሆኖ መታከም እንደሚወድና ለሕክምና እስከ የት ድረስ መሄድ እንደሚፈቅድ፣ ለዚህም ከቤቱ ጥሪት ምን ቢሸጥ እንደሚስማማና ምን እንዳይነካ እንደሚሻ ይግለጽ። አራተኛ፣ የመዳን ተስፋ እስካለ ድረስ ምን ሕክምና እንደሚቀበል፣ ሐኪሞች ተስፋ የለም ባሉ ጊዜ ደግሞ መሣሪያውና ቱቦው እንዲቀጥሉ ወይም እንዲቀሩ ያለውን ሐሳብ ይንገር። አምስተኛ፣ የነፍስ አባቱ መቼ እንዲጠሩለት፣ ከማን ጋር ሊታረቅ እንደሚሻ፣ የት እንዲቀበር ይናገር።

ይህ ቃል ቢጻፍ ይሻላል። ቀኑ ይመልከት፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑርበት፤ ምስክሮቹም ከወራሾቹ ወገን አይሁኑ። አንዱ ቅጂ በተጠሪው፣ አንዱ በነፍስ አባቱ ወይም በታመነ ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጥ። ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላልና በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ጤነኛ የፈራውን ሕክምና ታሞ ሊፈልገው ይችላል፤ በሽተኛው መናገር እስከቻለ ድረስ ወረቀቱ ዝም ይላል፤ ሕያው ቃሉ ይሰማል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የሚታዘዙትን እንደ ክትባት ያሉትን፣ እንዲሁም አሳዳሪ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ልጅ ያለውን ሥልጣን ግን አልነካም። ስለዚህ በሰውነቱ ላይ የሚደረገውን የመወሰን ሥልጣን የሰውየው መሆኑ ከ60 ዓመት በላይ በሕግ የጸና ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ስለ ንብረት ኑዛዜ አጻጻፍ በዝርዝር ሲያዝ፣ አንደበቱ የሚዘጋበት ሰው ስለ ሕክምናው አስቀድሞ የሚናገረው ቃል በምን ሥርዐት እንዲጻፍ አልዘረዘረም። የውክልና ወረቀትም ሌላ ስምምነት ካልተጻፈበት በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ይቀራል፤ ይኸውም ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ክፍተት ሊመለከቱት ይገባል። እስከዚያው ድረስ በቤተ ሰብና በምስክር ፊት የተነገረ ቃል ለሐኪሙ መሪ፣ ለልጆቹም ማስታረቂያ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። አስቀድሞ መማከር ቢለመድ ድሆችና ሽማግሌዎች «ሸክም አንሁን» ብለው ሳይወዱ ሕክምናን እምቢ እንዲሉ፣ ወራሾችም ይህን ምክንያት አድርገው እንዲቸኩሉ መንገድ እንዳይከፍት ያሰጋል። ስለዚህ ወሰኑ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል። ነፍስ ማጥፋትን ሃይማኖትም ሕግም ይከለክላሉ፤ ይህ ምክር ከዚያ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ሊሰማ የሚገባው የበሽተኛው ፈቃድ እንጂ የወራሾቹ ምቾት አይደለም። ምንም ያልተናገረ ሰው ቢኖር ዝምታው ሕክምና እንደ ተወ ሊቈጠርበት አይገባም። የማይድን በሽታ የያዘውም ሰው የሚተው ሰው አይደለም፤ ሥቃዩ ሊታገሥለት፣ ሰውነቱ ሊታጠብለት፣ ጥሙ ሊቈረጥለት፣ ብቻውንም እንዳይሆን ሊጠበቅ ይገባዋል።

በዚህ በኩል መንግሥት የሚሠራው ሥራ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በኡጋንዳ የተጀመረው የሆስፒስ አገልግሎት በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በበሽተኞች ቤት እንዲደርስ አድርጓል፤ ሐኪም በማይበቃበት አገርም ሥቃይ እንዲታገሥ የኡጋንዳ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ልዩ ትምህርት የተማሩ ነርሶች ይህን መድኃኒት እንዲያዙ ፈቀደ። በሕንድ በኬረላ የጎረቤት ማኅበሮች የማይድኑ በሽተኞችን በየቤታቸው ይጠይቃሉ፤ የክፍለ አገሩ መንግሥትም በ2008 ዓ.ም. ይህን የሚደግፍ ፖሊሲ አወጣ። በአዲስ አበባም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽተኞችን በቤታቸው ይጎበኛል። በጋሞ ዞን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ በየመንደሩም ዕድር አለ። እነዚህን ማገናኘት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሆስፒታሉ በሽተኛ ሲቀበል ስሙንና ዕድሜውን እንደሚጠይቅ ሁሉ «መናገር ቢሳንዎ ስለ እርስዎ የሚናገረው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ቢጽፍ መልካም ጅማሬ ነው። ከሞት በኋላ ድንኳን የሚተክለው ዕድርም ከሞት በፊት አስታማሚውን በተራ ቢያሳርፍ ትልቅ ረድኤት ይሆናል።

የጋሞ ሕዝብ ለዚህ ምክር ከብዙዎች ይልቅ የተሰናዳ ነው። ዱቡሻ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጦ ነገርን ሰምቶና አሰምቶ መጨረስ የቈየ ልማዱ ነው። በጥንቱ ሥርዐት ሕመም ሲጸና ሽማግሌዎች ተሰብስበው በቤቱ የተሰወረ ጎሜ እንዳለ ይጠይቁ፣ ያጠፋውም እንዲናገር ያደርጉ ነበር። የዛሬ አማኞች በዚያ እምነት ባይሄዱም ቅሉ፣ በበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ተቀምጦ እውነትን መነጋገር ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥፋት የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው እንደ መለሱአቸው አገር ሁሉ አይቷል። ያን ያህል ቍጣ በሣር ያበረዱ አባቶች፣ ሦስት ወንድማማቾች በአባታቸው አልጋ አጠገብ እንዳይጣሉ አስቀድመው ለማስማማት አያንሱም።

ጊዜውም አልጠፋም። በመስቀል በዓል በአዲስ አበባም በሌላም አገር የተበተነው ልጅ ወደ ደጋው ይመለሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። አባት ወይም እናት በዚያ ማዕድ ላይ፣ ጤና ሳሉ፣ ልጆች ሁሉ እየሰሙ አምስቱን ነገር ቢናገሩ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። የነፍስ አባት ይህን ጉባኤ ቢያስጀምር «ውርስ ናፈቀ» የሚል አይኖርም፤ የወንጌላውያን አማኞች አገልጋዮችም በየምእመኖቻቸው ዘንድ እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ካህንና ሹምም ቃሉ እንዲሰማ አስቀድመው በየራሳቸው ቤት ቢፈጽሙት የተሻለ ትምህርት ይሆናል።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ለበዓሉ በሬ ዓመት ሙሉ የሚቈጥብ ሕዝብ ለመጨረሻው ሕመሙ አንድ ሰዓት ቢቈጥብ፣ በሆስፒታሉ በር ላይ የሚቆሙት ልጆች ሦስት መልስ ይዘው አይጨነቁም፤ አባታቸው በደህና ቀን የተናገሩትን አንዱን ቃል ይዘው ይቀርባሉ። ሐኪሙም ያን ሰምቶ ሥራውን ይሠራል፤ ከለቅሶውም በኋላ ወንድማማች ወንድማማች ሆኖ ይኖራል።